ከግንቡ ወዲህና ወዲያ

ኔቪዮ ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። ትሪየስቴ ውስጥ በወደቡ መንገድ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ዕድሜውን ሙሉ ትልልቁን መርከብ እየጎተተች ወደብ የምታስገባዋን ትንሽ ጀልባ ሲነዳ ስለኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ የባሕሩን ጩኸት ደረጃው ላይ ይለቀው ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ «ደህና አደራችሁ!» ሲል ምድር ቤት ያለው የጫማ ሰፊው ውሻ ይጮኻል። ሚስቱ ኦንዲና ከተጋቡ ጀምሮ «ኧረ ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ደንቆሮ ያገባህ እኮ ነው የሚመስላቸው!» ስትለው ኖራለች። ያ ጩኸት አንድ ቀን ይናፍቀኛል ብላ ግን በሕልሟም አስባ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲገባ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ኳስ ሲያይ መሳደብ ተወ። ኦንዲና «እሰይ፣ ጨዋ ሆነልኝ» አለች፤ ሞኝ ናት። ቀጥሎ ጓደኞቹ ጋ መሄድ ቀረ። ከዚያ ሳህኑን ግማሽ ላይ መግፋት መጣ። በጋው ገብቶ አገር ምድሩ ወደ ባሕር ሲወርድ እሱ የወጥ ቤቱን መስኮት ዘግቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን ዘርግቶ ይቀመጥ ጀመር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔቪዮ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር።

በነሐሴ አንድ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ «ዛሬ ባልነቃ ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር?» አላት።

ኦንዲና «ቅርፊቱን በደንብ ልቀመው፣ ወለሉ ላይ አትበትነው» አለችው። ባሏን ልታጣው እንደሆነ ግን ያኔ ገባት። የዚህ ታሪክ ጉዳይ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ጣጣ ነው።

ጎረቤት ታማክር? ምን ቆርጧት! የዚያ አገር ሰው ልጁን ሲያስፈራራ «ኮረብታ ትወጣታለህ!» ይላል። ኮረብታው ላይ ድሮ የአእምሮ ሕሙማን የሚዘጉበት ትልቅ ግቢ ነበር። ከተዘጋ ቆየ፤ በሩ ተነቅሎ፣ አሁን ጽጌረዳ ተተክሎበት ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። የሰዉ አፍ ግን ይህን ገና አልሰማም። ስለዚህ ኦንዲና ለሳል መድኃኒት እንደሚፈልግ ሰው እያስመሰለች ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ ሄደች። ሐኪሙ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው።

«ሲኞራ፣ ሰፈራችሁ ያለው የአእምሮ ጤና ማዕከል ይሂዱ» አላት።

«የመላኪያ ወረቀቱን ጻፍልኛ።»

«ወረቀት አያስፈልግም። ቀጠሮም አያስፈልግም። በሩን ገፍተው ይግቡ፣ ያናግሩዎታል። ክፍያም የለውም።»

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት።»

ድንቄም! በዚህ አገር ሰው ሞቶ እንኳ ያለ ማኅተም አይቀበርም፣ ይሄ ልጅ ያለ ወረቀት ግቢ ይለኛል እያለች እቤቷ ተመለሰችና መሳቢያዋን ገለበጠች። የሁለቱንም መታወቂያ፣ የሁለቱንም የጤና ካርድ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀታቸውን፣ የጀልባ መንጃ ፈቃዱን፣ የሞተችውን ድመታቸውን የክትባት ደብተር ሳይቀር አንድ ላይ ጠቀለለች። የመጨረሻውን ለምን እንደያዘች ብትጠየቅ «ምን ይታወቃል» ነበር የምትለው።

ማዕከሉ ሁለት አውቶቡስ ማቆሚያ አልፎ፣ በለስ ያለበት ግቢ ውስጥ የቆመ ቢጫ ቤት ነው። ኦንዲና ሰው ቢያየኝ ብላ መጀመሪያ ባሮ ሽንኩርት ገዛች፤ ባሮ ሽንኩርት የያዘች ሴት ወደ ገበያ እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አትሄድም። ከዚያ በቤቱ ፊት አለፈች። ተመልሳ አለፈች። ትይዩ ካለው መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የተለጠፈውን የኪንታሮት ቅባት ማስታወቂያ ቃል በቃል እስክታውቀው አነበበች። እንደገና ልታልፍ ስትል አንድ መስኮት ተከፈተ።

«ሲኞራ! ባለ ባሮ ሽንኩርቷ! ይግቡ እንጂ፣ ፀሐዩ ሽንኩርቱን ቀቀለው እኮ!»

በድንጋጤ ገባች። ነጭ ካፖርት የለበሰ የለም። የሰልፍ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን የለም። በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰዎች ሳህን ይደረድራሉ፣ አንዱ ሐብሐብ ይቆርጣል። ማን ታማሚ ማን አስታማሚ እንደሆነ ለመለየት ዓይኗን ብታንከራትትም አልቻለችም። መስኮቱን የከፈተችው ሴት ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ነጠላ ጫማ የተጫማች ጎልማሳ ናት።

«ፉልቪያ እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ» ብላ ወንበር ሳበችላት።

ኦንዲና ጥቅሏን ፈትታ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ፉልቪያ አንዱን አንሥታ አየች። «የታመመችው ድመቷ ናት?»

«ኧረ እሷ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር። ታዲያ ማን ነው የታመመው?»

ኦንዲና የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት፤ በአውቶቡሱ ስታጠናው ነው የመጣችው። ከአፏ የወጣው ግን «እንቁላል እየላጠ ነበር» የሚለው ሆነ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ ወጣ። ፉልቪያ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ ይበላል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ወይም የተጠራቀመ ክኒን አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«መሣሪያማ መንጠቆ ነው ያለው፣ ልጄ። ክኒን ደግሞ ለራስ ምታት እንኳ አይውጥም፣ ግትር ነው።»

«ጥሩ። እንደሰማሁት ከሆነ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። እሱ ቢመጣ ደስ ይለናል። አልመጣም ካለ እኛ እንሄዳለን፣ ሥራችን ነው። እኔ ዛሬ እመጣለሁ፤ ነገ አይደለም፣ ዛሬ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። ከዚያ በፊት ከፈራሽ...» ራሷን አረመች። «ከፈሩ በዚህ ስልክ ይደውሉ፤ ሌሊትም የሚያነሣ ሰው አለ። ሌላው ደግሞ፣ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ ፊት ለፊት ይጠይቁት። መጠየቅ የሌለ ሐሳብ አይተክልም፤ ያለውን ግን ያወጣዋል።»

ኦንዲና እጇን ልትስማት ምንም አልቀራት። «በይ ስትመጪ የጋዝ መርማሪ ናት እለዋለሁ። ቧንቧውን ነካ ነካ እያደረግሽ ታጫውችዋለሽ።»

ፉልቪያ ሳቀች። «ስለ ጋዝ ምንም አላውቅም፣ ሕንጻውን ነው የማቃጥለው። አይሆንም፣ ሲኞራ። በውሸት የገባ ሰው ሁለተኛ በር አይከፈትለትም። ማን እንደሆንኩ፣ ለምን እንደምመጣ ይንገሩት። ቢቆጣም እመጣለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ አናግረዋለሁ። ሳያውቅ ግን አልመጣም።»

ወይ አበሳ! እንግዲህ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ልትነግረው ነው። እንዴት አድርጋ? ኦንዲና ነገሩን ባነሣች ቁጥር ኔቪዮ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ይገባና ይቆልፋል። ክረምቱን በሙሉ ከዚያ በር ጋር ነው ያወራችው። ቤት ውስጥ እንደማይሆን አውቃለች፤ በር የሌለበት ቦታ ያስፈልጋታል።

እቤት ስትደርስ ባሏ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። የዋና ልብሷን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች።

«ባሕር ልዋኝ ፔዶቺን መውረዴ ነው» አለች።

ዝም።

«ብቻዬን እስከ ግንቡ ጫፍ እዋኛለሁ።»

ኔቪዮ «በዚያ ጉልበትሽ?» አለ።

«በዚህ ጉልበቴ። ብሰጥም የቀብር ልብሴ ቁምሳጥኑ ውስጥ በስተግራ ነው፣ ሰማያዊውን እንዳታለብሱኝ፣ ያወፍረኛል።»

ኔቪዮ በረጅሙ ተነፈሰና ተነሣ። ፎጣውን እየፈለገ ስለ ግትር ሴቶች አንድ ነገር አጉረመረመ። ማጉረምረም ራሱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ኦንዲና ደረጃውን ስትወርድ ሰማዩን በዓይኗ አመሰገነች።

ፔዶቺን በሚባለው የባሕር መዋኛ ወንድ ወዲያ፣ ሴት ወዲህ ነው። በመሃል ነጭ ግንብ አለ፤ ከጠጠሩ ተነሥቶ ባሕሩ ውስጥ ይዘልቃል። ከአያቶች ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ይፍረስ ቢል ቀድመው የሚጮኹት ሴቶቹ ናቸው። ሆድን ሳይደብቁ መጋደም፣ ባል ሳይሰማ ባልን ማማት የት ይገኛል? ባልና ሚስት የሚፈላለጉ እንደሆነ ግንቡ የሚያበቃበት ድረስ ዋኝተው ይገናኛሉ፣ ቁልፍ ወይም ግማሽ ዳቦ ተቀባብለው ይመለሳሉ። ኦንዲና የመረጠችው ይህን ጫፍ ነው። ባሕር ውስጥ ተነሥቶ በር የሚቆልፍ ሰው የለም።

ወደ ውሃው ስትገባ ሊቻ አየቻት። ሊቻ እንደ ቡኮ ጠጠሩ ላይ ተዘርግታ ካርታ የምትጫወት፣ የሰፈሩ ሬዲዮ የሆነች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ኦንዲና ነገሩ እንዳይደርስባቸው ከምትፈራቸው ጆሮዎች ሁሉ የመጀመሪያው የሊቻ ነው።

«ኦንዲና! ኔቪዮም መጣ? ተሻለው እንዴ?»

«ከምኑ?» አለች ኦንዲና ቆጣ ብላ፣ ውሃውን ገፋ ገፋ እያደረገች ሄደች።

ኔቪዮ ቀድሟት ደርሶ ከግንቡ ጫፍ የታሰረውን ገመድ ይዞ ተንሳፍፏል። ፊቱ ባሕር ውስጥም ቢሆን የወጥ ቤት ፊት ነው።

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን ተወው። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፣ አትሂድብኝ።» ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኔቪዮ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?»

ማዕበል መጣ፣ ሁለቱንም ከፍ ዝቅ አድርጎ አለፈ።

«አይ» አለ በመጨረሻ። «መሞት አይደለም ኦንዲና። መንቃት ነው የደከመኝ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ደረቴ ላይ መልሕቅ ጥለው የሄዱ ነው የሚመስለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምን ጎደለብኝ? ምንም። ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ካወራ ዓመት ሊሞላው ነው። ኦንዲና አንገቱን አቅፋ ልታለቅስ ፈለገች፤ ግን ገና አልጨረሰችም፣ ትቷት ቢሄድስ?

«እንግዲያው ስማኝ። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፉልቪያ የምትባል ነርስ እቤት ትመጣለች። ከአእምሮ ጤና ማዕከሉ። የጠራኋት እኔ ነኝ።»

የኔቪዮ የጎታች ጀልባ ጩኸት ያኔ ተመለሰ።

«ለእብድ ቤት ሰጠሽኝ?!»

ከወዲህ የካርታው ጨዋታ ቆመ። ከወዲያ የሚረጫጩት ሽማግሌዎች ዝም አሉ። ግንቡ ዓይንን እንጂ ጆሮን ከልክሎ አያውቅም።

«አጎቴን ቶኒን እንዳደረጉት ልታደርጊኝ! ልጅ ሆኜ እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዤለት ስሄድ በሩ ተቆልፎ በብረቱ መሃል ነበር የማቀብለው! ብርቱካኑን እንኳ በቅጡ አያሾልክም ነበር! እኔንም ልትቆልፊብኝ ነው ኦንዲና?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የፔዶቺን ሰው ሁሉ ሰማ፤ ኦንዲና ባሕሩ ቢውጣት ወደደች። ከእንግዲህ ገበያ እንዴት ልትወጣ ነው? ደግሞ እሱ ከእንግዲህ መቼ ሊያምናት?

በዚህ መሃል ሊቻ እየተንገዳገደች ተነሣች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በግንቡ ላይ ጮኸች።

«ኔቪዮ! አንተ ኔቪዮ! ዝም በልና ስማ!»

«ማነው ደግሞ?»

«ሊቻ ነኝ! የትኛው በር ነው የሚቆለፈው? ባሌ ከሞተ ጀምሮ እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ ነው የኖርኩት! በሩማ ጭራሽ አይገጥምም፣ ክረምት ንፋሱ እግርህን ነው የሚቆርጥህ!»

«እውነቷን ነው!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ከወንዶቹ በኩል ተሰማ። የቀድሞው ፀጉር አስተካካይ ኡቾ ነበር። «ማጠፊያው ነው የተበላሸው፣ ስንቴ ነገርኳቸው!»

ከሴቶቹ በኩል የኡቾ ሚስት ማፋልዳ ብድግ አለች።

«ኡቾ! አንተ ማጠፊያውን በምን አወቅከው?»

ማፋልዳ ወደ ግንቡ ተጠጋች።

«ኡቾ! ሐሙስ ሐሙስ ካርታ ልጫወት ነው የምትለኝ...»

«ካርታም እንጫወታለን!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ውሽማ ይዟል ብዬ ለቅዱስ አንቶንዮስ ሻማ ሳበራ ሦስት ዓመት ሙሉ!»

«ማፋልዳ፣ በናትሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ዓይኑን ይጥልብኛል?»

«እሱስ ልክ ነህ!»

ከግንቡ ወዲህም ወዲያም ሳቁ ፈነዳ። አንዲት ወጣት እናት ከወለደች በኋላ ስድስት ወር እንደተመላለሰች ተናገረች፤ ከወዲያ አንድ ሰው ወንድሙን እዚያ እንደሚያደርስ፣ የማክሰኞው ምሳ ግን ጨው እንደሚጎድለው ጮኸ፤ ሊቻ ማክሰኞ የምታበስለው እሷ እንደሆነች አስታወቀች፤ ጠብ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። አቤት የሰው ነገር! አንዱ ካንዱ ተደብቆ በአንድ በር ሲገባና ሲወጣ ኖሯል።

ኔቪዮ ሳቀ። ሳይዘጋጅበት ስለሳቀ የባሕር ውሃ ገባበት፣ አሳለው፣ ኦንዲና ጀርባውን መታችው። ሳሉ ሲለቀው ግን ፊቱ እንደገና ተዘጋ። ዞረ፤ ወደ ወንዶቹ ጠጠር ዋኝቶ ሄደ።

ኦንዲና ልብሷን እርጥብ ገላዋ ላይ አድርጋ የመዋኛው መውጫ በር ላይ ጠበቀችው። ኡቾ ወጣ፣ ማፋልዳ ክንዱን ይዛ እየተቆጣችና እያሳሳቀች ወሰደችው። ሌሎቹም ወጡ። ኔቪዮ የለም። አጥፍቻለሁ፣ አለች በልቧ፣ በሰው ፊት አዋረድኩት፤ እንኳን ሐኪም እኔንም ከእንግዲህ አያናግረኝም። በሩ ላይ ቲኬት የሚቆርጠውን ሰው ወንዶች በኩል ገብቶ እንዲያይላት ልትለምነው ስትል ባሏ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ብቅ አለ።

«ለምንድን ነው እሷ የምትመጣው?» አለ።

«ኔቪዮ፣ አደራህን...»

«ወጥ ቤቱ እንዲያ ተዝረክርኮ? ያንን ሁሉ ጉድ ባዳ ሰው ሊያይ? እኛ እንሂድ እንጂ።» አንድ ጊዜ መሬቱን አየ። «ኡቾ ከተማው ሲሰማ ካልሞተ እኔም አልሞትም።»

ኦንዲና መልስ ብትሰጥ የሚለወጥ ስለመሰላት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ አውቶቡሱ ገሠገሠች። ጉልበቷ ትዝም አላላት።

ቢጫው ቤት ሲደርሱ ኔቪዮ ወዲያው አልገባም። በሩን ገፋው፣ ሳበው፣ መልሶ ገፋው፤ እውነትም አይገጥምም። ጎንበስ ብሎ ማጠፊያውን አየ። «አንድ ብሎን ነው የጎደለው» አለ ለራሱ፣ በቁጣ ቢጤ፣ ገባም።

ፉልቪያ ቦርሳዋን ይዛ ወደ እነሱ ልትመጣ እየወጣች ነበር። ሁለቱን ፀጉራቸው እርጥብ ሆኖ ስታይ ቦርሳዋን መልሳ ሰቀለች፤ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገብታ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ቀዳችላቸው።

«ሲኞር ኔቪዮ፣ እንኳን ደህና መጡ። ከፈለጉ ባለቤትዎ ውጭ ይጠብቁ፣ ከፈለጉ አብረውን ይሁኑ። ከየት እንጀምር?»

ኔቪዮ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ኦንዲና አሁን ይነሣል ብላ ወንበሩን በጎን ዓይኗ ትጠብቃለች።

«እኔስ እደርሳለሁ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «መጀመሪያ እሷን እዩልኝ። ካመመኝ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ሌሊት ሌሊት ትነሣና ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ታደርጋለች፤ እተነፍስ እንደሆነ ታያለች። የተኛሁ ይመስላታል።»

ኦንዲና ፊቷ ቀላ። «ነቅተህ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«አንተ ክፉ፣ ታዲያ ለምንድን ነው ዝም የምትለኝ?»

«ነቅቻለሁ ካልኩሽ» አለ ኔቪዮ፣ «እጅሽን ታነሺዋለሽ ብዬ።»